ባርኔጣህን የያዘው ሰው

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። «ደህና ነህ ወይ?» ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ሳቄ መጣ፤ አንተ ብትሆን «ከሞትኩ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም» ትለኝ ነበር።

የቤታችንን ወሬ ላስቀድም። ተመርቄአለሁ! ዲፕሎማዬ ከፎቶህ ጎን ተሰቅሏል። አሁን ሥራ ፍለጋ ከሄግ አምስተርዳም በባቡር እመላለሳለሁ፤ ዛሬ አንዱ ቢሮ፣ ነገ ሌላው። እማዬ «እስኪ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» ትለኛለች፤ መቀመጥን ግን ካንተ አልወረስኩም። እዚህ ሄግ፣ ላክ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ትራሙ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ዛሬም ይንቀጠቀጣሉ። የጠፋው ዘፈኑ ነው። እማዬ ጥቁር ከለበሰች ጀምሮ ካሴቶችህ ካርቶን ውስጥ፣ ጊታርህ ቁምሳጥን ላይ ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ሳንጎራጉር ከሰማችኝ ግድግዳውን ትደበድባለች።

አባዬ፣ ሮተርዳም አጠገብ ስኪዳም ከተማ የዋልንበትን ቀን ታስታውሰዋለህ? የካንትሪ ሙዚቃ አድናቂዎቹ ሜዳ ላይ ሮዴዮ አዘጋጅተው፣ አንተ ፈረስ ላይ ሆኜ ካልዘፈንኩ ብለህ ድርቅ ያልክበትን? «ሮዴዮ ማለት ጉግስ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ባላንጣህ ራሱ ፈረሱ ነው» አልከኝ። ሰላሌ ላደገ ሰው ፈረስ አያስተምሩትም ብለህ ወጣህ። ፈረሱ ግን ሰላሌን አያውቅም። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳትጨርስ ጣለህ። ጭቃው ላይ እንደተቀመጥክ የቀረውን ዘፈንከው! ከዚያን ቀን ወዲህ የእነሱ ሆንክ። ሳምንቱን ትራም ስታጸዳ የምትውል ሰውዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮተርዳም ላይ «ተፌ! ተፌ!» ይባልልህ ጀመር።

ደንብህንም ያኔ አወጣህ። በየዝግጅቱ መጨረሻ ባርኔጣህን ወደ ሕዝቡ ትወረውራለህ፤ የያዘው ሰው ለሚቀጥለው ዝግጅት ይዞት ይመጣል። እማዬ «ኮፍያ የሚወረውር ባል ሰጠኝ» እያለች አንድም ቀን ሳትመጣ ቀረች። የመጨረሻውን ጊዜ ስትወረውር መብራቱ ዓይናችን ላይ ነበርና ማን እንደያዘው አላየንም። የሚቀጥለው ዝግጅትም አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ እማዬን ሲቆረቁራት የነበረው ይኸው ነው፤ «ልብሱ ሁሉ አለ፣ ባርኔጣው ማን ጋ ቀረ?»

ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን እዚሁ ላክ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ አወጣን። ነጠላ የለበሱት በአንድ ወገን፣ ቡትስ የተጫሙት አድናቂዎችህ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ካህኑ ጸሎቱን ሲጨርሱ አድናቂዎችህ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ! የእኛ ሰዎች ክው አሉ። ካህኑ ግን ፈገግ ብለው «ይሁን፣ አሜን ማለታቸው ነው» አሉ።

ያኔ ነው «ያን» የሚባለው ረጅሙ የስኪዳም ጡረተኛ ባርኔጣህን ይዞ የተነሳው። እማዬ እጇን ዘረጋች። እሱ ደረቱ ላይ ለጥፎት «አይሆንም እመቤት፣ ደንቡ ደንብ ነው። ሲዘፈን ነው የሚመለሰው» አለ። ተረጎምኩላት። «የገዛ ባሌን ባርኔጣ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ አስተውላ አየችው። አቧራ የለበትም፤ ላባው እንኳ በቦታው ነው።

«ይሄስ ሰውዬ ከኔ በላይ ቃሉን ጠበቀለት» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይገትርሻል? ሂጂ ጊታሩን አምጪ!»

ሮጬ አመጣሁት። የጭቃውን ዘፈንህን ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ጠፋብኝና አድናቂዎችህ ተቀበሉኝ። ባለ ነጠላዎቹም ቀስ በቀስ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ አንዲት እናት እልል አሉ። ጡረተኛው መጥቶ ባርኔጣውን ደፋልኝ፤ እስከ ቅንድቤ ወረደ።

ሲያልቅ ምን ላድርግ? ወረወርኩታ! እማዬ ከነጥቁር ልብሷ ዘላ ያዘችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጡረተኛው ጣቱን እያወዛወዘ ደንቡን ሊያስታውሳት ሲል «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ» አለችው በአማርኛ። ያለ አስተርጓሚ ገባው።

አልረሳህም አባዬ። ከየቢሮው በር ብመለስም፣ እንዳንተ ከወደቅኩበት ዘፈኑን እጨርሰዋለሁ። የሚቀጥለው ዝግጅት የኔ ነው፤ ቀኑን ቆርጠናል። እማዬ ዛሬ ጥቁሯን አውልቃ ለዚያ ቀን የሚሆን ቀሚስ ልትገዛ ትራንስቫል ሰፈር ገበያ ሄዳለች።

ባርኔጣህን አድርጋ ነው የወጣችው።

ልጅህ ማርታ