ዓይኗን ያልሳልኩላት

አሶሳ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስላክኋትን የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ልጅ ሞዴል ገጣጥሜ ከጨረስኩ ሳምንት ሆነኝ። የቀራት ዓይን ብቻ ነው። የሞዴል ገጣጣሚዎች የቴሌግራም ግሩፓችን በዚሁ ዓይን ሲጨቃጨቅ ከረመ። ግማሹ አብሯት የመጣውን የዓይን ስቲከር ለጥፍባት ይለኛል። እኔ በብሩሽ ካልተሳለ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ፤ ግን እጄን ስላላመንኩት እስካሁን አልነካኋትም።

ትናንት ጎረቤቴ ሐዋ ቁልፍ ልትመልስልኝ ገብታ አየቻት።

"ዓይን የለውም? ጥሩ ነው መምህር፣ እንደዚህ ተወው። ዓይን ካደረግህ፣ ነፍስም ስጠኝ ይልሃል።"

ሳቅኩባት።

ዛሬ ከሰዓት ከማስተምርበት ስመለስ፣ መደርደሪያው ላይ እንዳለች ፎቶ አንስቼ ለግሩፑ ላክሁ። "ፊቷ ባዶ ቢቆይ ይሻለኛል እንጂ ስቲከር አልለጥፍም" አልኳቸው።

ዋናው ተከራካሪዬ ወዲያው መለሰ፦ "ተሸንፌያለሁ። በብሩሽ እንዲህ ያማረ ዓይን አይቼ አላውቅም።"

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ሌሎቹም ያንኑ ሲደግሙት ፎቶውን አስፍቼ አየሁት።

ዓይን አላት። የምታየውም ካሜራውን አይደለም፤ የምጽፍበትን ጠረጴዛ ነው።

መደርደሪያው ከኋላዬ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ዞር ላለማለት ነው።