ኮምፒውተሩን «አመመኝ!» ያሰኙት አክስቴ

አክስቴ የመጨረሻ ቃላቸውን የተናገሩት ለእኔ ነው። በዚህ ለቅሶ ቤት ካሉት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ መርጠው፣ ለእኔ! ትምህርት ላይ ያን ያህል ሳልሆን ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፌ እንዳነብ የተፈቀደልኝም በዚሁ ነው። ቃሉን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አክስቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሳቸው ሲሆኑ የመጨረሻዋ እናቴ ናት። አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው አልጋ ላይ ስለቀሩ አክስቴ የአባታቸውን እግር እያጠፉና እየዘረጉ አደጉ። ትምህርታቸውን ጨርሰውም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ቆይተው ደግሞ የኮሌጅ መምህርት ሆኑ። ተማሪ የታማሚ ገላ በነካ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚሉ ቅጽል ስማቸው «ቀስ በሉ» ሆኖ ቀረ። በ1985 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ለጋብቻ ሲጠየቁም «ቀስ በል» ብለው እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ኮሌጁ ኮምፒውተር ሲገባለት ልምምዱ በስክሪን ሆነ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፂማም በሽተኛ ተኝቷል፤ ተማሪው ማውዙን ሲጎትት ክንዱ እንደ ላባ ብድግ ይላል። ሁሉም ፈተናውን ደፈኑ። ከደፈኑት አንዱ ግን ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝ፣ አንደበታቸው የተያዘ ሽማግሌ ዘንድ ቀርቦ ክንዳቸውን እንደ ማውዙ ሳበው። ትከሻቸው ከቦታው ወጣ። መጮህ እንኳ አልቻሉም፤ እንባቸው ብቻ ወረደ። (ተማሪው እዚሁ ተቀምጧል፤ «ጻፊው» ያለኝ እሱ ራሱ ነው።) አክስቴ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም። «ኮምፒውተር አያመውም፤ የማያመው ነገር ደግሞ መፍራት አያስተምርም» ይሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ሆነው ያንን በሽተኛ አስጮኹት። ክንዱን ከልክ በላይ የሳበ ተማሪ ጆሮው ላይ «ኧረ አመመኝ!» ይፈነዳበታል። ጩኸቱ የእኔ ነው። ልጅ ሳለሁ ኮሌጁ ወስደው ማይክ ፊት አቆሙኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። ፂማሙ ሰውዬ በሴት ልጅ ድምፅ ሲጮህ የሳቀ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ማውዙን ጥሎ ይነሳ ነበር።

ባለፈው ዓመት እሳቸውን ራሳቸውን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሊያንቀሳቅሳቸው ቤት ድረስ የሚመጣው ባለሙያ ያው ትከሻ ያወጣው ተማሪ ነው። ባለቤታቸው «እኔ ማየት አልችልም» ብለው በረንዳ ላይ ይቆማሉ። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ። ባለሙያው ክንዳቸውን ከሥር ደግፎ ያነሳል። የአክስቴ ዓይን ከትከሻቸው አይነቀልም። መጮህ ያልቻሉት ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ አሁን አክስቴን ቢያማቸው ማን ይጮህላቸዋል?

ጮህኩላቸዋ! ግንባራቸው ቋጠር ሲል «አመመኝ!» እላለሁ፤ ባለሙያው ቀጥ ይላል። እየዋለ እያደረ ግን ፍርሃቴ ግንባራቸውን መቅደም ጀመረ። ትራስ ሲስተካከልም ጮህኩ፤ ወንበር ሲሳብም ጮህኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔንም በስትሮክ ልታስመቺኝ ነው እንዴ?» አለ ባለሙያው ላቡን እየጠረገ።

ትከሻቸው ግን አልወጣም። ጣቶቻቸውም መላወስ ጀምረው ነበር። ሁለተኛው ስትሮክ ነው ቀስ ማለት የማያውቀው፤ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናቴን፣ እኔን፣ እንዲሁም የሰው ክንድ ከመንካቱ በፊት ልቡ ድንግጥ የሚል ብዙ ተማሪ ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እሳቸው እንዳስተማሩት ያንሳልን፤ ከሥር ደግፎ፣ ሳይጎትት፣ ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ቃሉ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ባለሙያው ገና እጁን እየታጠበ ሳለ እኔ አስቀድሜ «አመመኝ!» አልኩ። ያን ሁሉ ወር ዝም ያለው የአክስቴ ከንፈር ተላቀቀ። ምርቃቴ መጣ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ባለሙያው ባይሰማ ኖሮ «ተባረኪ» አሉኝ ብዬ ባለፍኩት ነበር። ያሉኝ ግን ይህን ነው፦

«ገና አልነካኝም። ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ!»