መዝሙሩን ከፍ ያደረግክበት ምክንያት

ክብረት፣

መኪናዬን እንዳትነካት። ያንተንም ቁልፍ ወስጄዋለሁ።

ጠዋት ሳስነሳት መዝሙሩ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ሳጠፋው ሞተሩ ከሥር ኳ ኳ ኳ ይላል። ጋዝ ስረግጥ ብቻ ቢንጣጣ ኖሮ፣ ርካሽ ነዳጅ ሞልተህ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ይሄ ግን ቆማም ያንኳኳል። የዘይት መለኪያውን ሳወጣው ደረቅ ነው!

ከሜስኪት እስከ ማኪኒ ከተማ ድረስ ስትመላለስባት ከርመህ አልሰማሁም እንዳትለኝ። ሰምተህማ ነው መዝሙሩን ከፍ ያደረግከው።

ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ቅዳሜ እናቴን ከኤርፖርት ላመጣት የነበረው በዚችው መኪና ነው። ለምን እንደቆመች አንተው ደውለህ ንገራት። «መዝሙር ወዳድ ልጅ» እያለች የምታሞግስህ እሷ ናት።

ሕዝቅያስ