መስኮቱ ላይ የቸነከርኩት ብርድ ልብስ

ሽፌዬ፣

ለንስሐ አባታችን እንኳ ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፍልህ። ፀሐይ የከለከልኩህ እኔ ነኝ።

ከተለየኸኝ አምስት ክረምት አለፈ። ያረጀው የአቃቂ መንገዳችን ተቆፍሮ ሰፍቷል፤ አጥራችንም ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጃችን ምሕረት አግብታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ጥቁረቷ ቁርጥ አንተን።

አጥንቴን እያልክ ስታማርር ሐኪም ቤት የሄድን ዕለት ትዝ ይልሃል? ቫይታሚን ዲ አንሶሃል አለችህ ሐኪሟ። ሌሊት ፋብሪካ፣ ቀን እንቅልፍ፤ ፀሐይ መቼ አይተህ! ጠዋት ጠዋት እጅጌህን ሰብስበህ ፀሐይ ላይ ተቀመጥ አለችህ። ስንወጣ፣ እኔ ጥቁሩ? ፀሐይ ጠግቤ አይደል እንዴ እንዲህ የከሰልኩት ብለህ አሳቅኸኝ። እኔም አመንኩህ።

ቢሆንም ቃሏን አክብረህ፣ ከፈረቃ ስትመለስ በርጩማ ይዘህ አጥሩ ሥር መቀመጥ ጀመርክ። ላብህ ሳይደርቅ ምች ይመታሃል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና ከምቹ ይልቅ የጎረቤት ዓይን ነበር የከበደኝ፤ በጠዋት ደጅ ላይ የተጎለተ ወንድ ሥራ የፈታ ይመስላል። ግባ ተኛ እያልኩ ነዘነዝኩህ። ግራጫውን ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ቸንክሬ ክፍሉን አጨለምኩልህ። አመስግነኸኝ ተኛህ።

ከዚያ ሰው ሁሉ አፉን የሸፈነበት ያ ሳል መጣ። የፈረቃ ጓደኞችህ አልጋ ይዘው ተነሡ፤ አንተ አልተነሣህም። ትንፋሽህ ሲያጥር ጣትህን ወደ መስኮቱ ቀስረህ ክፈቺልኝ አልከኝ። ብርድ ይገባል ብዬ እምቢ አልኩህ።

ካለፍክ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ይመክታል፤ ያንኑ ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቀልዳችን የተገላቢጦሽ ነበር። ቫይታሚኑ ያነሰው ሰው በእንዲህ ያለ ሕመም ይበልጥ ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ፀሐይ ቢያገኝ ይድን እንደነበር ማንም አላረጋገጠም የሚሉም አሉ። ያነበብኩት አይፈርድብኝም፣ ነፃም አይለቀኝም።

ይዤው ልሞት ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ምሕረት ቤት ሄድኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ የሕፃኗ ደረት ሲር ሲር ይላል። ሐኪም ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት ብሏት ኖሯል። አንቺን ቅቤ ቀብተን አሙቀን አይደል ያሳደግንሽ፣ ለምን አታወጫትም አልኳት። እማዬ፣ አባዬን ምች ይመታሃል እያልሽ ስታስገቢው አልነበር? ደግሞ ከዚህ በላይ ከጠቆረች ማን ያገባታል አለችና ሳቀች። ሳቋ ያንተ ነው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ዛሬ ምስማሮቹን ነቀልኩ። ብርድ ልብሱ በፀሐይ በኩል ነጥቷል፣ ባንተ በኩል እንደነበረ ነው። ያ የቀሰርከው ጣት እስክሞት ከዓይኔ አይጠፋም።

ይህን ወረቀት መቃብርህ ላይ አላኖረውም። ነገ ጠዋት ይዤው ኮዬ ፈጬ እሄዳለሁ፤ የምታነበው ምሕረት ናት። ትጥላኝ፤ ብቻ መጋረጃውን ትክፈት።