ከዐስር እስከ መግሪብ የታየ ፊልም

ሰኞ ጥቅምት 10፣ ከት/ቤት መልስ

ሃያ ሰባት የፈተና ወረቀት አርሜያለሁ። አስራ አንድ ይቀራል። ይቆይ። ደብተሬ፣ ዛሬ የተሻለ ወሬ አለኝ።

መጽሔቷ ታትማ መጣች። መጽሔት ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ስምንት ገጽ ናት፣ በሁለት ሽቦ የተያዘች። ስምንቱም ገጽ የእኔ ጽሑፍ ነው። ሽፋኑ ላይ «የማይከፈተው በር» ይላል፣ ከሥሩ ስሜ፣ ሙና። ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁት። አራተኛ ልደግም ስል አፈርኩ።

የወልቂጤው የፊልም ክበባችን ቅዳሜ የመጀመሪያ ፊልሙን ያሳያል። ጽሑፌ ለተመልካች ይታደላል። አስናቀ አዳራሽ አስፈቅዷል። (የታሪክ መምህር፣ ክበቡን አብረን ነው ያቋቋምነው።)

ፊልሙ የልጅነቴ ነው። ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ስምንት ጊዜ ያየሁት። እውነተኛ ርዕሱን ያኔ ማን ያነባል? እኛ «ፋኖሷ» ነበር የምንለው። ጥቁርና ነጭ። ወንዝ ዳር የምትኖር ሴት፣ ባሏ ሄዶ ቀርቷል። በየምሽቱ ፋኖስ አብርታ መስኮት ላይ ታስቀምጣለች። መጨረሻ ላይ በር ይንኳኳል። ትነሳለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ያርፋል። አለቀ።

ጽሑፌ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በሩን አለመክፈት ድፍረት ነው፣ ዳይሬክተሩ ተመልካቹን ያከብራል ብያለሁ። ካሜራውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ እንደ ሴትዮዋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጋ/ሸምሱ ይሄን ዳይሬክተር «ዝምተኛው» ይሉት ነበር። ፊልሙ ሁሉ ዝናብ የሆነውን ሌላውን ደግሞ «ክረምቱ»። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ የዳይሬክተሮች አመዳደብ አላነበብኩም።

ጋ/ሸምሱ የክብር እንግዳችን ናቸው። ደወልኩ፣ እሺ አሉ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ማታ 2 ሰ.

ድሮ ተማሪዬ የነበረችው ሐያት ከአዲስ አበባ ፊልሙን በፍላሽ ላከችልኝ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ከትዝታ ነበር፤ ቅጂ የት አባቴ አገኝና። ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ወንዝ ሲመጣ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ሁሉም እንደማውቀው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ፣ አንዱ ሁልጊዜ ባዶ። ከጎረቤቷ ጋር በጉድጓድ ውሃ የተጣሉበት ቦታ። ፋኖሱ። ማንኳኳቱ። እጇ መቀርቀሪያው ላይ። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ።

ፊልሙ አላለቀም።

አስራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል! በሩ ይከፈታል። ወለል ብሎ ይከፈታል። የቆመችው ያቺ የተጣላቻት ጎረቤት ናት። እሳት ጠፍቶባታል፣ ልትለምን ነው የመጣችው። ሴትዮዋ ታያታለች። ከዚያ ፋኖሱን ከመስኮቱ አንስታ ትሰጣታለች። ካሜራውም፣ ያ የማይንቀሳቀሰው ጉደኛ፣ ተነስቶ ፋኖሱን ይከተላል። ግቢውን አቋርጦ እስከ ጎረቤት ቤት። ከዚያ ወደ ጨለማው መስኮት ይመለሳል። ሴትዮዋ ሻይ ትቀዳለች። በባሏ ስኒ ትጠጣለች።

ስምንት ገጽ። አርባ ኮፒ። በስሜ።

ማን ቆረጠብኝ ብዬ ስናደድ ቆየሁ። ከዚያ ከሰፈራችን መስጊድ የመግሪብ አዛን ተሰማ፣ ነገሩም ወዲያው ገባኝ። ጋ/ሸምሱ ፊልም የሚጀምሩት ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ ነበር። ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ያጠፋሉ። ከሁለት ሰዓት ያነሰ ፊልም መጨረሻ አለው። የበለጠ የለውም።

ረቡዕ ጥቅምት 12

ለአስናቀ ነገርኩት። ሳቀ። ሲሳቅብኝ አልወድም፣ ታውቃለህ። ምክሩ አጭር ነው፤ ቅዳሜ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ አጥፊው፣ ማን ያውቃል? ፊልሙን እዚህ አገር ያየው የጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ሰው ብቻ ነው።

አልቀበልም አልኩት። ቤት ስገባ ግን እዚያው ሐሳቡ ላይ ነበርኩ። ባጠፋው ማን ይጎዳል? ባላጠፋው ደግሞ ሁለታችንም እንዋረዳለን። እኔ በጻፍኩት፣ ጋ/ሸምሱ ደግሞ በክብር እንግድነታቸው ቀን «የሰው ፊልም ቆራጭ» ተብለው። በፊልም ያሳደጉኝን ሰው ጠርቼ ላሳፍር ነው?

ሰዎቹ ጽሑፌን ከወደዱልኝ ደግሞ... ተወው። ነውሬን ታውቀዋለህ፤ ሙገሳ እወዳለሁ።

ዓርብ ጥቅምት 14፣ ቡታጅራ፣ እናቴ ቤት

ከሰዓት ክፍል የለኝም። በሚኒባስ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ ጭጋግና እንሰት፣ እኔ የምናገረውን ስለማመድ።

ጋ/ሸምሱ ከጁምዓ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቪዲዮ ቤቱ አሁን የቆርቆሮ መሸጫ ሆኗል። አሰላሙ አለይኩም አልኳቸው። ስለ ጤና፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ አፈረጥኩት። ጋሼ፣ የፋኖሷ ፊልም አስራ አንድ ደቂቃ ይቀረው ነበር አልኩ።

ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ያፍራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«በሩ ላይ ማን ነበር ታዲያ?» አሉኝ።

እሳቸውም አላዩትም! ካሴቱ እሁድ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። ከመግሪብ በኋላ ሌላ ፊልም፣ ሌላ ሰው ይገባል። ስምንቱንም ጊዜ እኛ ስለለመንን ነው ያስመጡት። ለልጆች ሲነግሩ የኖሩት ባሏ ነው ብለው ነው። አንዳንዴ ሲሰለቻቸው ወታደር ያደርጉታል።

ነገ ያያሉ፣ አልነግርዎትም አልኩ። ተቆጡ። ብትነግሪኝ ምን ትሆኛለሽ አሉ። በሳቅ ሞትኩ። ሳቄ ሲያልቅ ፊልሙ መቆረጡን ሰው ፊት ላወራው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ፣ እውነቴን ነው። «እኔ ለሶላት ነው ያጠፋሁት፣ አላፍርበትም። የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ» አሉ።

እንዲህ ነው ልክ መግባት። እንቅልፍ አይወስደኝም መሰለኝ።

ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ወልቂጤ

የሆነው ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ወንበር አልበቃም። ከመግሪብ በፊት እንዲያልቅ ዘጠኝ ተኩል ልንጀምር ነበር፤ የፕሮጀክተሩ ገመድ ጠፋ። አስር ሰዓት ጀመርን። ጋ/ሸምሱ ፊት ለፊት፣ ነጭ ቆብ፣ የተተኮሰ ኮት። ጽሑፌ ሰው ሁሉ ጭን ላይ።

እጇ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ አዛን አለ። ልክ በዚያች ሰዓት! ጋ/ሸምሱ ተነሱ። የድሮ ልማድ ሆኖባቸው ማሽኑን ነው ያዩት፣ እኔን አይደለም። አጠፋሁት። በገዛ እጄ።

መብራት በራ። የሚሰግዱት ወጡ፤ እኔ ቤት እሰግዳለሁ ብዬ ቀረሁ። የቀረው ሰው አለቀ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። አስናቀ ከኋላ ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ በቃ ተይው ማለቱ ነው። ሁሉ ነገር ተመቻችቶልኛል። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

አልቻልኩም። ተነስቼ የያዛችሁት ወረቀት ስህተት ነው አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ካሴቱን፣ ሶላቱን፣ ያላየሁትን መጨረሻ ማድነቄን። መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴ ተቃጠለ። ከዚያ አንዱ ታዲያ በሩ ላይ ማነው አለ። ሌላው ባሏ ነው አለ። ንፋስ ነው ያለም አለ። አዳራሹ ገበያ ሆነ። ልክ እኛ ልጅ ሆነን ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ እንደምንጨቃጨቀው። ፊልም መተንተን የተማርኩት ለካ እዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንዲት እናት አሉ፣ ከቸሃ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ። በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉ። ልጅቷ እየሳቀች ተረጎመች። ጎረቤቷ ናት አሉ። ሲመሽ እሳት ፈልጎ ከጎረቤት በቀር ማን ይመጣል? ተጣልተው ስለነበር እስኪጨልም እልህ ይዟት ቆየች እንጂ ቀድማ በመጣች ነበር።

ቃላቸውን ወረቀቴ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ስምንት ገጽ ስጽፍ የጉድጓዱን ጠብ አንድ መስመር አልሰጠሁትም። ለእኔ መሙያ ነበር። እሳቸው አንዴ አይተው የፊልሙን ጅማት ያዙት። ቀናሁ፣ ደግሞ ደስ አለኝ።

የሰገዱት ተመለሱ። ጋ/ሸምሱ ተቀመጡ። «በይ ክፈቺው» አሉ።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፊልሙን አላየሁም፣ ፊታቸውን ነው ያየሁት። ጎረቤቷ ስትታይ ጉልበታቸውን መቱ። ካሜራው ፋኖሱን ተከትሎ ሲነሳ ሰውነታቸው አብሮ ዘንበል አለ። መስኮቱ ሲጨልም «አይ ዝምተኛው» አሉ፣ ለራሳቸው።

አልቆ መብራት ሲበራ ወደኔ ዞሩ። «እኔ እኮ ባሏ ነው እያልኩ ስንት ልጅ አሳሳትኩ። ይኼ ይሻላል።»

ሰው ፊት አለቀስኩ። ግድ የለኝም።

እሁድ ጥቅምት 16፣ ጠዋት

ጋ/ሸምሱን መናኸሪያ ሸኘሁ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የ«ክረምቱ»ን ፊልም ፈልጊልኝ አሉ። እሱም ረጅም ነበር፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ አላውቅም ብለው። እኔም አላውቅም ጋሼ!

አስናቀ መጥቶ ነበር። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ፊልም ሊያልቅ ሲል ይቆማል፣ ሰው ይናገራል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ተስማማን። ስሙን «የመግሪብ እረፍት» አለው። እኔ የምለው መስሎኝ ነበር፣ ቀደመኝ።

የተረፉትን ኮፒዎች ላቃጥላቸው ነበር። ትቼዋለሁ። ሁለተኛዋ መጽሔት ውስጥ ስህተቴ ከእርማቱ ጋር ይታተማል። የቸሃዋን እናት ስም በልጃቸው በኩል አስጠይቄያለሁ፤ ሐሳቡ የእሳቸው ስለሆነ ስማቸው መኖር አለበት። የጉድጓዱን ጠብ ዛሬ ከሰዓት ሦስቴ አየዋለሁ።

አስራ አንዱ የፈተና ወረቀት አሁንም አልታረመም። ይቆይ።

አዲስ ርዕስ፦ «እሳት የጠየቀችው ሴት»።

የመጀመሪያው መስመር፦ የዚህን ፊልም መጨረሻ ሳላየው ስምንት ገጽ ጻፍኩበት።

ሁለተኛው መስመር፦ ...