መፈረም የማታውቀው ፌሊስሚና ለሴኞር አቢሊዮ የጻፈችው

ለተከበሩ ሴኞር አቢሊዮ ካራስኬይራ፣ በከተማችን የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ የውጭ አገር ሥራ ክፍል ኃላፊ፤ የሉክሰምበርጉን ሥራ ከእጄ ላስወጡት ሰው፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት? መቼም ቀና ብሎ ሰው ሳያዩ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ መጎንበስ ወገብ ይጎዳል። እኔ የሰርዲን ፋብሪካው እስኪዘጋ ሠላሳ አራት ዓመት ዓሣ ያጠብኩት ፌሊስሚና፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ዓሣ ገበያው በር ላይ የለጠፍኩት ጠዋት ጠዋት በዚያ ስለሚያልፉ ነው።

አንደኛ፣ በሌላ የአውሮፓ አገር ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ የምታስረዳውን ትንሽ መጽሐፍ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነውና ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። ስለራስዎ ለአሠሪው ይጻፉ ትላለች። እኔም ጻፍኩ። ሉክሰምበርግ ላለው የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጥቤ፣ አንገትጌው ላይ የተሰፋውን ስም እያነበብኩ ለየባለቤቱ መመለስ እንደምችል ጽፌ፣ ከማመልከቻው ጋር እንዲልኩልኝ ለእርስዎ ሰጠሁ።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻውን ራስዎ ስለሞሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌው መታወቂያዬ «መፈረም አትችልም» ይላል። እርስዎም ግድግዳዎ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ፊትዎ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ «ማንበብና መጻፍ አትችልም» ብለው አሰፈሩልኝ። ሰው ይዋሻል፤ መታወቂያ የት ይዋሻል!

ሦስተኛ፣ ስለ ክብሬ በመጨነቅዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ትናንት ደብዳቤዬን ከመሳቢያዎ አውጥተው፣ «ውይ ዶና ፌሊስሚና፣ ፊደሉ ተንጋዶ አይተው እንዳይስቁብዎ ብዬ እኮ ነው ያስቀረሁት» አሉኝ። የመጦሪያው ሰዎች ግን አልሳቁም። የምንፈልገው ስም ማንበብ የሚችል ሰው ነው ብለው መለሱኝ። ጎረቤቴ ኤርሜሊንዳም ይህን ሰምታ፣ «አንቺ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ደብተር ታቅፈሽ የተንከራተትሽው ለዓሣ መጠቅለያ ነው?» አለችኝ።

አሁን ጉዳዩ እንዲህ ነው። መጦሪያው ድረስ ደውዬ ነበር፤ ቢሮው ስህተቱን አርሞ በማኅተም ከላከልን ቦታውን እስከ ዓርብ ቀትር እንይዝልሻለን ብለውኛል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። በስልሳ ዓመቴ ሌላ ማንም አይጠራኝም። ነገ ቢሮው ሲከፈት ደጅዎ ላይ ቆሜ ያገኙኛል፤ ማረሚያውንም እዚያው ፊትዎ አነበዋለሁ። ቀስ ብዬ ስለማነብ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለወገብዎ ምሕረት፣ ለዓይንዎ ብርሃን እየተመኘሁ፣ በገዛ እጄ የፈረምኩት፣

ፌሊስሚና ዶ ኮቶ

ማስታወሻ፦ ሁሉንም በእርስዎ አላላክክም። ማመልከቻውን አዙረው የጣት አሻራ ማተሚያውን ቀለም ሲያስጠጉልኝ፣ እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ፣ የሞሉትን እንኳ ሳላነብ፣ ከጠረጴዛ ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደለመድኩት እጄን ዘረጋሁ። ነገ እስክሪብቶዬን ይዤ እመጣለሁ። አውራ ጣቴን ግን ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።