አልነቃነቅ ያለው ወረቀት፦ የ«እርሾ እናት» የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «የእርሾ እናት» የሚሏቸው ታላቅ እህታችን በ1957 ዓ.ም. ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያ ስለነበሩ ግማሹን ትምህርታቸውን ያጠኑት እኛን አዝለው ነው።

በ1979 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው በአንድ የምርምር ተቋም የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኑ። በ1984 ዓ.ም. የሒሳብ መምህሩን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሥራቸው የእርሾ ሴሎችን ማሳደግ ነበር። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ በያጅ ነኝ፤ የገባኝ እሳቸው ሳይሰለቹ ስላስረዱኝ ነው። ብረት የሚያዝገው ኦክሲጅን ሴልንም ከውስጥ ይበላል። ሴሉ ግን ዝም ብሎ አይሸነፍም። ጥቂት ጉዳት ሲነካው አንድ ዘበኛ ፕሮቲን አደጋውን አውቆ ወደ አስኳሉ ይሮጣል፤ መከላከያ እንዲሠራ ትእዛዝ ያደርሳል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ያ ሴል ቀድሞ ይገድለው የነበረውን መርዝ ይቋቋማል። «ዓይን እንኳ የሌላት ነገር ትሰማለች፣ አለቃችን ሁለት ጆሮ ተሸክሞ አይሰማም» እያሉ ይስቁ ነበር።

አለቃው ያልሰሙት ስለ ማራገቢያው ነው። በላቦራቶሪው የሚጠቀሙበትን አሲድ ጭስ ወደ ውጭ የሚስበው ማራገቢያ በ2002 ዓ.ም. ቆመ። እህታችን አፉ ላይ ቀጭን ወረቀት ሰቅለው በየጠዋቱ ያዩ ነበር፤ ወረቀቱ ካልተነቃነቀ ጭሱ አይወጣም። አሥራ አንድ ዓመት አልተነቃነቀም። አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፉ። አሥራ ሦስቱ መልስ አላገኙም። ለአንዱ «መስኮት ይክፈቱ» ተባሉ። መስኮቱን ተቋሙ ሌባ ፈርቶ አስበይዶታል። የበየድኩት እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ሳንባቸው ጠባሳ እንደያዘ ተነገራቸው። እቤት ይዋሉ ስንላቸው «እርሾዬ ይሞትብኛል» አሉን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሆስፒታል ተኙ፤ ኅዳር 9 ቀን በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተዋል።

ትናንት ጋወናቸውን ላመጣ ስሄድ ወረቀቱ ይርገበገብ ነበር። ማራገቢያው የተሠራው እሳቸው በተኙ በሳምንቱ ነው። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ማራገቢያውን የጠገነውን ሠራተኛ ጠየቅሁት። አርባ ደቂቃ አለኝ።

ተቋሙ የላከው አበባ ውጭ በር ላይ ነው፤ ያመጣው ይውሰደው።

አንድ ጊዜ ሲጠሩት የሚሰማ አምላክ፣ የእህታችንን ነፍስ ንጹሕ አየር በማይቋረጥበት ያኑርልን።